በሙያ ማኅበር ለአመራርነት ለመወዳደር ላሰባችሁ ወጣት ሕግ አስከባሪዎች

ውድ ወጣት የሙያ ባልደረቦቼ፦

አንዳንዶቻችሁ በሙያ ማኅበራችሁ ውስጥ ለሊቀ መንበርነት፣ ለጸሐፊነት ወይም ለሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ አባልነት ለመወዳደር እንደምታስቡ አውቃለሁ፤ ሐሳቡ መልካም ነው፣ እኔም እደግፈዋለሁ። ይሁን እንጂ ጥቆማውን ከመቀበላችሁ በፊት ልታስቡበት የሚገባ አንድ ጉዳይ አለ። እኛ ያደግንበት ሙያ የትእዛዝ ሙያ ነው፤ አለቃ ያዝዛል፣ የበታች ይፈጽማል፣ ያልፈጸመም ይጠየቃል። በማኅበር ውስጥ ግን ማዘዝ አይቻልም። አባላቱ በፈቃዳቸው ገብተው መዋጮ የሚከፍሉ ሰዎች ስለሆኑ፣ አመራሩ ካልጣማቸው አቤቱታ ለመጻፍ እንኳ አይደክሙም፤ መዋጮውን ይተዋሉ፣ ከስብሰባ ይቀራሉ፣ ሊቀ መንበሩም ምልዓተ ጉባኤ ባልሞላበት አዳራሽ ጉባኤውን ለሌላ ቀን ሲያስተላልፍ ይኖራል። ስለዚህ በሥራ ቦታው ጎበዝ አዛዥ የተባለ ሰው በማኅበር ምርጫ ላይ ሲቸገር ማየት እንግዳ ነገር አይደለም።

በዚህ መስክ ማዕረግ ብዙ እንደማይመዝን የማኅበራቱ ታሪክ ራሱ ይመሰክራል። እ.ኤ.አ. በ1950 ዓለም አቀፉን የፖሊስ ማኅበር የመሠረተው እንግሊዛዊው አርተር ትሩፕ ሳጅን ነበር፤ ማኅበሩም በየአገሩ ያሉ ፖሊሶችን ማዕረግ ሳይለይ በወዳጅነት የሚያገናኝ ሆኖ ዘልቋል። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1915፣ በአሜሪካ ፒትስበርግ ከተማ በኋላ ትልቅ የሆነውን የፖሊሶች የወንድማማችነት ማኅበር የጠነሰሱት ሁለት ተራ የጥበቃ ፖሊሶች ናቸው። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ1893 ቺካጎ ላይ የተቋቋመውና ዛሬ ዓለም አቀፍ የፖሊስ አዛዦች ማኅበር የሚባለው፣ ስሙ እንደሚያመለክተው፣ የአዛዦች ስብስብ ሆኖ ነው የተነሣው። እነዚህን ሦስቱን የማነሣው የተለያየ ዓይነት ማኅበር መኖሩን ለማስታወስ ነው። አንዱ ስለ ደመወዝና ስለ ሥራ ሁኔታ ይደራደራል፤ ሌላው ስለ ሥልጠና፣ ስለ አሠራር ደረጃና ስለ ሥነ ምግባር ይመክራል፤ ሦስተኛው አባላትን ያቀራርባል፣ ይረዳዳል። የመደራደር ሥልጣን በሌለው ማኅበር ውስጥ ቆሞ ደመወዝ አስጨምራለሁ የሚል ዕጩ መተዳደሪያ ደንቡን ሳያነብ የመጣ ነው፤ ይህንንም ከመራጮች መካከል የሚያውቅ አይጠፋም።

ደንቡን አንብቡ ስላችሁ የዕጩዎችን መመዘኛና የጥቆማውን ቀነ ገደብ ብቻ ማለቴ አይደለም። ያለፉትን ጉባኤዎች ቃለ ጉባኤ፣ የኦዲት ሪፖርቱን፣ ገንዘብ ያዡ ያቀረበውንም ሒሳብ ጭምር ጸሐፊውን ጠይቃችሁ ተመልከቱ። ከዓመት ዓመት «በቀጣይ ይታያል» እየተባለ የሚዘዋወር አጀንዳ ካገኛችሁ፣ ማኅበሩ የቱ ላይ እንደተጣበቀ እርሱ ይነግራችኋል፤ ብዙ ጊዜ ከማንኛውም የምርጫ ንግግር የተሻለ ርዕስ የሚገኘውም ከዚያው ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን በንዑስ ኮሚቴ ውስጥ ሥሩ። የአዛዦቹ ማኅበር ካከናወናቸው ሥራዎች ሁሉ ዘላቂ ከሆኑት አንዱ የንግግር ሥራ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ የማኅበሩ ኮሚቴ፣ አንዱ ከተማ ስርቆት ያለውን ሌላው ዝርፊያ እያለ መመዝገቡ ንጽጽርን የማይቻል ስላደረገው፣ ወንጀሎች በአንድ ዓይነት ትርጓሜና ምድብ የሚቆጠሩበትን ሥርዓት አዘጋጀ፤ ሥራውም በ1930 ወደ አሜሪካ ፌዴራል የምርመራ ቢሮ (ኤፍ.ቢ.አይ.) ተላልፎ የአገሪቱ የወንጀል ስታቲስቲክስ መሠረት ሆነ። ትርጓሜ ማስተካከልና ቅጽ ማዘጋጀት ጭብጨባ አያስገኝም። ሆኖም የሥልጠና ኮሚቴውን ረቂቅ በሰዓቱ ያደረሰ፣ የተሰጠውን ሥራ ሳያስታውሱት የጨረሰ አባል፣ ስሙ በዕጩነት ሲጠራ መራጩ ማነው ብሎ አይጠይቅም። በኮሚቴ ሳይታይ በቀጥታ ለሊቀ መንበርነት የሚመጣውን ሰው እኔ በግሌ አልመርጠውም፤ ችሎታ የለውም ብዬ ሳይሆን፣ ያለ ትእዛዝ ሰው ማሠራት መቻሉን የማውቅበት መንገድ ስለሌለኝ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በእኛ ሙያ መራጩና ተመራጩ ነገ ጠዋት በአንድ ፈረቃ ላይ አለቃና የበታች ሆነው ይገናኛሉ። እስቲ ይህን አስቡት፦ የጠዋቱ የሥራ መመሪያ ተሰጥቶ አልቋል፣ ሰው ሊበተን ሲል የፈረቃው ኃላፊ የድጋፍ ፊርማ ቅጽ አውጥቶ «ለማኅበሩ ነው፣ እናንተ ካልፈረማችሁልኝ ማን ይፈርምልኛል» እያለ በሳቅ ያዞራል። የመጀመሪያው ይፈርማል፤ ሁለተኛው ቅጹን ሳያነብ ይፈርማል፤ ሦስተኛዋ ሌላ ዕጩ የምትደግፍ ብትሆንም የሚቀጥለው ሳምንት የሥራ ምድብ በማን እጅ እንደሚወጣ ታውቃለችና ብዕሩን ትቀበላለች። ኃላፊው ማንንም አላስገደደም፤ ይህን ቢጠየቅ በቅን ልቦና ይምላል። ነገር ግን እምቢ ማለት ከማይችል ሰው የተገኘ ፊርማ ድጋፍ አይባልም፤ ነገሩ ወደ አስመራጭ ኮሚቴው ከደረሰም ዕጩነቱን ሊያሳጣው ይችላል። ስለዚህ በቀጥታ ከእናንተ ሥር ያሉትን ሰዎች ድምፅ አትጠይቁ። ጥያቄው ከእነርሱ ቢመጣ እንኳ በአጭሩ አመስግናችሁ ምርጫው የግላቸው መሆኑን ንገሯቸው።

ከዚሁ ጋር አብሮ የሚሄደው የመሥሪያ ቤት ንብረት ጉዳይ ነው። የመንግሥት ተሽከርካሪ፣ የቢሮ ስልክና ኢሜይል፣ የሥራ ሰዓት፣ በብዙ ተቋማት ደንብ መሠረትም የደንብ ልብስ ለምርጫ ቅስቀሳ አይውሉም፤ መቼ ፈቃድ እንደሚያስፈልግ አስቀድማችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። ከሁሉ የከፋው ደግሞ መረጃ ነው። የተፎካካሪያችሁን የዲሲፕሊን ማኅደር ወይም በመዝገብ ሥርዓቱ ያለ ታሪኩን በሥራችሁ ምክንያት የማየት መብት ቢኖራችሁ፣ ለምርጫ ብሎ ማየቱ ብቻውን፣ ለማንም ሳትናገሩት፣ ጥፋት ነው። ሕግ አስከባሪ ሥልጣኑን ለግል ጥቅም ተጠቀመ የሚባለው በዚህ ዓይነት ነገር ነውና።

በማኅበር ጉባኤዎች አካባቢ የሬዲዮ፣ የካሜራ፣ የተሽከርካሪና የመከላከያ ልብስ አቅራቢዎች አይጠፉም፤ የዕጩ ግብዣ እንሸፍን የሚሉም ይኖራሉ። አትቀበሉ። ነገ በግዥ ኮሚቴ ላይ ብትቀመጡ ያ ግብዣ ይነሣባችኋል።

ድምፅ መጠየቅን በተመለከተ፣ ቤቱ የሞላ ስብሰባ ላይ የሚደረግ ንግግር የሚያስገኘው ድምፅ ሰዎች እንደሚያስቡት ብዙ አይደለም። ከሌሊት ፈረቃ የወጣ ባልደረባ በእንቅልፍ ሰዓቱ ሊደወልለት አይገባም፤ ሩቅ ጣቢያ ላይ ያለው ደግሞ ማኅበሩ ትዝ የሚለው መዋጮ ሲቆረጥበት ብቻ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያሉትን አንድ በአንድ፣ በሚመቻቸው ሰዓት አግኝታችሁ ማኅበሩ ምን እንዳልሠራላቸው ጠይቁና ጻፉት። ተራ በተራ ስትሰሙ አንዱ ችግር በተለያየ ሰው አፍ እየተደገመ ይመጣል። ፕሮግራማችሁን ከዚያ አውጡት፤ በአንድ ገጽ ይለቅ፣ በአንድ የሥራ ዘመን ሊፈጸም የማይችል ነገር አይኑርበት። የሥራ ዘመኑ ከፈረቃችሁና ከቤተሰባችሁ ምን ያህል ጊዜ እንደሚወስድም ለአለቃችሁና ለቤታችሁ ሰዎች ከጥቆማው በፊት ንገሩ፤ ብዙ ዕጩዎች ይህን የሚያነሡት ከተመረጡ በኋላ ነው።

ካልተመረጣችሁ ውጤቱ በተነገረበት ዕለት ያሸነፈውን ሰው አግኝታችሁ እንኳን ደስ ያለህ ወይም ያለሽ በሉ፤ ከአባላት የሰበሰባችሁትንም የችግሮች ዝርዝር የተናጋሪዎቹን ስም ሰርዛችሁ አስረክቡት። ከዚያም በሚቀጥለው የኮሚቴ ስብሰባ ላይ በሰዓቱ ተገኙ።

አክባሪያችሁ፣
አንድ አንጋፋ ባልደረባችሁ