አብሽሪ፣ ግን መጀመሪያ መታወቂያችሁን እዪ

የኮምቦልቻዋ እህቴ፣ «ወንድሜ ደሴ የኩላሊት እጥበት ላይ ነው፤ አንዱን ኩላሊቴን ልሰጠው ወስኛለሁ፤ ከየት ልጀምር?» ብለሽ የጠየቅሽውን ቡና እያፈላሁ አየሁት። አብሽሪ። እኔም ለታናሽ ወንድሜ ከሰጠሁ ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ስኳር፣ ግፊት የሚለውን ሐኪሙ ይነግርሻል። እኔ ያቃጠለኝን ልንገርሽ።

1. የደም ዓይነት። እኔ ኦ ነኝ፤ ኦ ለሁሉም ይሰጣል። ፖዘቲቭ ኔጌቲቭ የሚሉት ለኩላሊት ለውጥ የለውም። ይህን ሳላውቅ «እሱ ኔጌቲቭ ነው» ብዬ ሳምንቱን ሙሉ አልቅሻለሁ።

2. ወረቀት። ጉዱ ያለው እዚህ ነው። ኩላሊት መሸጥ በሕግ ክልክል ነው፤ እኛ ስንሄድ የሚሰጠው ለዘመድ ነበር። ስለዚህ እህትና ወንድም መሆናችሁን የሚያስረዳ ደብዳቤ ከቀበሌ አምጡ ተባልን። ከአንድ ማህፀን ወጥተን፣ አንድ ጡት ጠብተን፣ ምን ችግር አለው አልኩ። ለካ የእኔ መታወቂያ ላይ አያታችን ይመር፣ የእሱ ላይ ይማም ተብሏል! የቀበሌው ሰውዬ ሁለቱን መታወቂያ ጎን ለጎን አስቀመጠ። በእስክሪቢቶው ጫፍ አንዴ ይመርን፣ አንዴ ይማምን እየነካካ «እና የማን ልጆች ናችሁ?» አለኝ። ከኋላዬ የተሰለፈው ሁሉ ሳቀ። ኩላሊቴን ለወንድሜ ልሰጠው ነው ብለው «ሊሸጥ የሚመጣውም እንዲሁ ነው የሚለው» አይለኝም? ማህተሙ እኮ ክንዱ ሥር ነው። ወላሂ፣ ያን ቀን እንባዬን ዋጥ አድርጌ ነው የወጣሁት።

ከዚያ ሦስት ምስክር፣ ፍርድ ቤት፣ የስም ማስተካከያ። ሁለት ወር ሄደ። በሳምንት ሦስት ቀን፣ በየጊዜው አራት ሰዓት ማሽን ላይ ለሚተኛ ሰው ሁለት ወር ምን ማለት እንደሆነ አንቺ ታውቂዋለሽ። የእናቴ ላም የተሸጠችው በዚያ መሃል ነው። ዛሬውኑ የሁለታችሁን መታወቂያ አቀራርበሽ ፊደል በፊደል እዪ።

3. ምርመራውን እዚሁ ጨርሼ ልሂድ አትበይ። እኔ ደሴ በግል ላቦራቶሪ ያሠራሁት ሁሉ አዲስ አበባ እንደገና ተሠራ። አገር ውስጥ የኩላሊት ንቅለ ተከላ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. እዚያው አዲስ አበባ ጳውሎስ ሆስፒታል ነው፤ መጀመሪያ ወንድምሽን የሚከታተለው ሐኪም ሪፈር ይጻፍላችሁ። ደግሞ የ24 ሰዓት ሽንት አጠራቅሚ ይሉሻል። የመጀመሪያውን የጠዋት ሽንት ትደፊዋለሽ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን እስከ ማግስቱ ጠዋት ጠብታ ሳታስቀሪ ትይዣለሽ። እኔ ያረፍኩት አክስቴ ቤት ነው። ጀሪካኑን አልጋ ሥር ብደብቀው ልጇ ጎትቶ አወጣና «እማዬ፣ ብርዝ ነው?» አላት። ደንግጬ ስነጥቀው ተደፋ። በነጋታው እንደ አዲስ!

ለብቻሽ አስገብተው «የገፋሽ ሰው አለ?» ብለው ይጠይቁሻል። አትቀየሚ። እስከ መጨረሻው ደቂቃ ሐሳብሽን መቀየር ትችያለሽ፤ እናቴ ይህን ስትሰማ ነው ልቧ የረጋው።

አራተኛው... እንግዲህ ቁጥሩን ተይው። ከእኔ የወሰዱት ግራውን ነው፤ ደም ሥሩ ስለሚረዝም ብዙ ጊዜ እሱን ይመርጣሉ። ስድስት ሳምንት ከባድ ነገር አታንሺ ተባልኩ፤ እናቴ ማንቆርቆሪያ እንኳ አላስነካችኝም። አሁን ሃያ ሊትር ጀሪካን እሸከማለሁ። ራስ ምታት ሲይዘኝ ግን ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የሚባሉትን ማስታገሻዎች አልነካም፣ ኩላሊት ይጎዳሉ፤ በዓመት አንዴ ግፊቴንና ክሬቲኒን፣ ማለት ኩላሊቴ እንዴት እንደሚሠራ በደም የሚታየውን፣ እታያለሁ።

በቀደም ፋይዳ ልንመዘገብ ከወንድሜ ጋር ሄድን። ልጅቷ የአያታችንን ስም ስትጽፍ ሦስት ጊዜ «ይመር፣ በረ ነው የሚያልቀው» አልኳት። እሱ ከኋላዬ ሆዱን ይዞ ይስቃል።