በምክክር ሥራ መግቢያው ቃለ ጉባኤ ነው

እህታችን፣ በሶሲዮሎጂ ተመርቀሽ ሥራ እየፈለግሽ መሆኑን ገልጸሽ፣ «በአገራዊ ምክክርና በሽግግር ፍትሕ ዙሪያ ለመቀጠር ማስተርስ ግድ ነው ወይ?» ብለሻል። ለመጀመሪያው ሥራ ግድ አይደለም።

ተመራቂው ሁሉ የሚሻማው አወያይነቱን ነው። አንቺ በቃለ ጉባኤ ያዥነትና በመረጃ አደራጅነት በኩል ብትገቢ ይሻላል። ደቡብ አፍሪካ ከአፓርታይድ በኋላ ሕገ መንግሥቷን ስታረቅቅ (እ.ኤ.አ. 1994–1996) ሁለት ሚሊዮን ገደማ አስተያየት ገብቶ ነበር፤ አብዛኛው ግን በጋራ የተፈረመ አቤቱታ ነው። ዝርዝር ሐሳብ ያለውን ከዚያ ክምር ለይቶ፣ በርዕስ መድቦ ለአርቃቂዎች ማድረስ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። የመን ደግሞ 565 ተወካዮች ሰብስባ ከመጋቢት 2013 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ዐሥር ወር መከረች፤ አገሪቱ በስንት ክልል ትከፈል የሚለውን ግን ከጉባኤው በኋላ አንድ ኮሚቴ ስድስት ብሎ ወሰነ። የሰሜን የመን ታጣቂዎቹ ሃውሲዎች አልተቀበሉትም። በኋላ የተነሣውን ጦርነት ያመጣው ይህ ብቻ ባይሆንም፣ ቃለ መጠይቅ ላይ «ተሳትፎ የት ላይ ይከሽፋል?» ብትባዪ ጥሩ ምሳሌ ነው።

አያያዙን አሁኑኑ ተለማመጂ። ገጹን ለሁለት ክፈዪ፤ በግራ የተናጋሪው ቃል እንዳለ፣ በቀኝ ያንቺ ማጠቃለያ። ስም አትጻፊ፤ ማስታወሻው ያልታሰበ ሰው እጅ ቢገባ ተናጋሪው አደጋ ላይ ይወድቃል። ጾታ፣ የዕድሜ ክልልና የኅብረተሰብ ክፍል ይበቃል። አንዲት ተፈናቃይ «እርሻዬን ሌላ ሰው እያረሰው ነው፤ ብመለስስ ማን ያስለቅቅልኛል?» ብትል ጀማሪው «የመልሶ ማቋቋም ጥያቄ» ብሎ ያልፈዋል። የይዞታ ክርክሩም፣ የደኅንነት ስጋቱም እዚያው ቀረ። ግልባጩን የዚያኑ ዕለት ማታ ጨርሺ፤ ካደረ ቃሉ ያንቺ ይሆናል።

ሌላው የተለመደ ችግር፣ ሽማግሌዎች ቀድመው ይናገሩና የቀረው ሰው «አባቶች እንዳሉት» እያለ ይቀመጣል። ሴቶችን፣ ወጣቶችንና ተፈናቃዮችን ከስምንት እስከ ዐሥር እያደረጉ ለየብቻ ማወያየት፣ ከዚያ ማገናኘት ይረዳል። የተሳታፊ ዝርዝሩን ቀበሌው ብቻውን ካዘጋጀው ደግሞ ይህም አያድነውም፤ እነማን እንደቀሩ ጽፈሽ ያዢ።

ለማመልከቻሽ ከአንድ የሕዝብ ውይይት (የሠፈር ዕድርም ይሆናል፣ ካስፈቀድሽ) ሁለት ገጽ ናሙናና በኤክሴል የተመደበ ሠንጠረዥ አያይዢ። የምክክር ኮሚሽኑን ያቋቋመውን አዋጅ ቁጥር 1265/2014 አንብቢ። ኦሮምኛ፣ ትግርኛ ወይም ሶማልኛ ከቻልሽ ሲቪው አናት ላይ ይቀመጥ። ሥራው ብዙ ጊዜ የአጭር ጊዜ ኮንትራት ስለሆነ፣ ቋሚ ደመወዝ ካለሽ ቸኩለሽ አትልቀቂ። ፌስቡክሽንም መለስ ብለሽ እዪው፤ ለአንድ ወገን የለጠፍሽውን ቀጣሪው ባያይ ተሳታፊው ያየዋል።