ስለ ባለ ሱቁ አባታችን ተዝካርና ስለ ዱቤ ደብተራቸው

ጥያቄ፦ መምህር ሆይ፣ አባታችን በ89 ዓመታቸው ዐርፈዋል። በደሴ ከተማ በአንዲት ጠባብ ሱቅ ስኳር፣ ጨውና ሳሙና እየቸረቸሩ 54 ዓመት ሠርተው ሰባት ልጆች አሳድገዋል። እናታችን ታመው አልጋ ላይ በዋሉባቸው ስድስት ዓመታት ቀትር ላይ ሱቁን ዘግተው እየመጡ በእጃቸው ያጎርሷቸው ነበር። አሁን አርባቸው ቀርቧል። አንድ ዘመዳችን «ዕድሜያቸውን በገበያ የጨረሱ ሰው ናቸው፤ ደጀ ሰላም አልጠኑም፤ ተዝካራቸው ደመቅ ብሎ ካልወጣ ነፍሳቸው አታርፍም» አሉን። ወንድሞቼም ለበሬ መግዣ እንዲሆን በዱቤ ደብተሩ ላይ ያለውን ገንዘብ ከጎረቤት እንሰብስብ እያሉ ነው። በደብተሩ ላይ ከአንዳንዱ ስም አጠገብ «ተከፈለ» ይላል፤ ከአንዳንዱ አጠገብ ደግሞ «ለእመቤቴ» ተብሎ ተጽፏል፤ ቀኑም ሁልጊዜ 21 ነው። ይህ ምን ማለት ነው? እኛስ ምን እናድርግ?

መልስ፦ ልጄ፣ እግዚአብሔር የአባታችሁን ነፍስ በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍልን፤ እናንተንም ያጽናናችሁ። የአርባውን ሥርዓት ከልጅነታችሁ ጀምሮ ስታዩት የኖራችሁት ስለሆነ እዚያ ላይ ጊዜ አላጠፋም።

የምቆየው ዘመዳችሁ በተናገሩት ላይ ነው፤ ይህን አነጋገር በብዙ ለቅሶ ቤት ሰምቼዋለሁና። ሟቹ ካህን ወይም መነኩሴ ከሆኑ «እርሳቸውማ መንገዱን ያውቁታል» ይባላል፤ ነጋዴ፣ ሾፌር ወይም ልብስ ሰፊ ከሆኑ ግን ዕድሜያቸውን ሁሉ ለእግዚአብሔር ጀርባቸውን ሰጥተው የኖሩ ይመስል፣ ልጆቻቸው ጉድለቱን በጠላና በሥጋ እንዲሞሉላቸው ይመከራሉ። መካሪዎቹ ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ ለነፍስ አዝነው ነው የሚናገሩት። ነገር ግን ሱቅን እግዚአብሔር የማያይበት ስፍራ፣ ተዝካርን ደግሞ የሒሳብ ማወራረጃ አድርገውታል።

ሙሴ ለሕዝቡ ሕግ ሲሰጥ ስለ መሥዋዕትና ስለ በዓላት ብቻ ተናግሮ አላበቃም፤ የነጋዴውን ከረጢት ከፍቶ በውስጡ ያለውን የሚዛን ድንጋይም መረመረ። በዘዳግም ምዕራፍ 25 ታላቅና ታናሽ ሆኖ ሁለት ዓይነት ድንጋይ መያዝን ከከለከለ በኋላ፣ ሚዛኑ እውነተኛ ለሆነ ሰው ዕድሜው በምድር ላይ እንደሚረዝም ተስፋ ይሰጣል። ዕድሜ ይረዝማል የተባለው አባትና እናቱን ለሚያከብር ብቻ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው፤ ያው ተስፋ ግን ለባለ ሚዛኑም ተነግሯል።

ይህን ስል ረጅም ዕድሜ ብቻውን የጽድቅ ምስክር ነው ማለቴ አይደለም። መጽሐፈ ጥበብ በምዕራፍ 4 የከበረች እርጅና በዓመት ብዛት እንደማትለካ ይናገራል፤ ቅዱስ ቂርቆስም ሰማዕትነትን የተቀበለው በሦስት ዓመቱ ነው። ባለ ሱቅ መሆንም ብቻውን አያጸድቅም፤ ሲራክ በምዕራፍ 27 በድንጋይና በድንጋይ መጋጠሚያ ችንካር እንደሚገባ፣ በመሸጥና በመግዛት መካከልም ኃጢአት እንደሚገባ አስጠንቅቋል። ሙት ወቃሽ አያድርገኝ እንጂ፣ በ54 ዓመት ውስጥ ያ ችንካር አንድም ቀን አልገባም ብዬ አልመሰክርም። በቅዳሴ ስማቸው ሲጠራ ምሕረት የምንለምነውም ለዚህ ነው፤ ምሕረት ደግሞ ለነጋዴው ብቻ ሳይሆን ለጳጳሱም ይለመናል።

«ደጀ ሰላም አልጠኑም» ስለተባለው ደግሞ፣ በእነዚያ ስድስት ዓመታት ሰው በሚፈልጋቸው ስፍራ ባይገኙ የት እንደነበሩ አንቺው ጽፈሽልኛል። ሐዋርያው ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ በጻፈው በመጀመሪያው መልእክት፣ ምዕራፍ 5፣ ስለ ቤተ ሰዎቹ የማያስብ ሰው ሃይማኖትን የካደ፣ ከማያምንም ይልቅ የሚከፋ ነው ይላል። እንዲህ ያለ ብርቱ ቃል የተነገረለትን ግዴታ ስድስት ዓመት ሙሉ የተወጣን ሰው «ዓለማዊ» ብሎ መሸኘት ለእኔ ይከብደኛል። ይህን ሰምቶ ቅዳሴ ለመቅረት ምክንያት የሚያደርግ እንዳይኖር ግን አደራ፤ ቤት ውስጥ የሚያጎርሱት በሽተኛ ሳይኖር እሑድ ጧት ሱቅ ከፍቶ የሚውል ሰው ይህ መልስ አይመለከተውም።

በአበው ዜና የሚነገረውን ታስታውሺ ይሆናል። ለታላቁ አባት ለቅዱስ እንጦንስ በበረሃ ሳለ በከተማ የሚተካከለው ሰው እንዳለ ተገለጠለት፤ ያ ሰው ሐኪም ነበር፤ ከገቢው የተረፈውን ለችግረኞች ይሰጣል፤ ቀኑን ሙሉም ከመላእክት ጋር «ቅዱስ፣ ቅዱስ፣ ቅዱስ» እያለ ያመሰግናል። እንጦንስ የመነኮሳት አባት መሆኑን ልብ በይ፤ የተተካከለው ሰው ግን ሥራውን ትቶ የመነነ አልነበረም።

አሁን ወደ ደብተሩ ልምጣ፤ ከደብዳቤሽ ሁሉ ልቤን የነካው እርሱ ነውና። ወር በገባ በ21 የእመቤታችን በዓል መሆኑን አንቺም ታውቂያለሽ። አባታችሁ በዚያ ቀን ደብተሩን ገልጠው መክፈል ያልቻለውን ሰው ስም ፈልገው፣ ዕዳውን በእመቤታችን ስም ትተውለታል ማለት ነው። «ተከፈለ» ቢሉ ሐሰት ይሆንባቸዋል፤ ዝም ብለው ቢሰርዙትም ከእርሳቸው በኋላ ደብተሩን የሚያይ ሰው ግራ ይጋባል፤ ስለዚህ በአንድ ቃል ለጉዳዩ እልባት ሰጡት። ምናልባት ተበዳሪው ራሱ እስከ ዛሬ አያውቅ ይሆናል። ዘመዳችሁ አልሠሩም ያሉት የጽድቅ ሥራ በስኳርና በሳሙና ዋጋ መካከል ተጽፎ ተቀምጧል።

ወንድሞችሽ ስላሰቡት ግን ጠንከር ብዬ እናገራለሁ፤ አይሆንም። ግማሽ ኪሎ ስኳር በዱቤ ወስዳ ለልጆቿ ሻይ ካፈላች እናት ደጃፍ ቆማችሁ «ለአባታችን ነፍስ ነው» ብላችሁ ገንዘብ ብትጠይቁ፣ እርሳቸው በሕይወታቸው ያላደረጉትን በስማቸው ማድረጋችሁ ነው። ደግሞስ በሬው ታርዶ የሚበላው ማን ነው? በቤቱ ጠግቦ የመጣ፣ ነገም መልሶ የሚጋብዛችሁ ሰው ነው። ጌታ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ግብዣ ስታደርግ ድሆችንና አንካሶችን፣ ዕውሮችንም ጥራ፤ የሚመልሱት ብድራት የላቸውምና ብፁዕ ትሆናለህ ብሏል። ብድራት ከሌለው ሰው ብድር ሰብስቦ፣ ብድራት ለሚመልስ ሰው መደገስ ቃሉን በግልባጩ መፈጸም ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ የአባታችሁን ዕዳ መርምሩ። ከጅምላ ሻጭ በዱቤ ያመጡት ዕቃ ካለ፣ ሰው አምኖ ሱቃቸው ያስቀመጠው የአደራ ገንዘብም ካለ፣ ከድግሱ በፊት ለባለቤቱ ይመለስ። ከተበዳሪዎቹ መካከል አቅም ያለው ሰው ራሱ መጥቶ ቢከፍላችሁ መቀበል ነውር የለውም፤ የወራሽ መብታችሁ ነው። ከዚያ በኋላ ለቤተ ክርስቲያን መገበሪያውን፣ ዘቢቡን፣ ዕጣኑንና ጧፉን አድርሱ፤ ቅዳሴ አስቀድሱ፤ የንስሐ አባታቸውንም አማክራችሁ አቅማችሁ የፈቀደውን እንጀራና ወጥ ለነዳያንና ለቆሎ ተማሪዎች አብሉ። በሬ ባይኖር ሽሮ ይበቃል። በዓቢይ ጾም ቢውል ኖሮ ያው ሽሮ አልነበረም?

የደሴ ደብተር ስለሆነ ከስሞቹ መካከል የሙስሊም ጎረቤቶቻችሁም እንደሚገኙበት እገምታለሁ። «ለእመቤቴ» ብለው ሲተዉ አባታችሁ በሃይማኖት ለይተው እንደሆነ ተመልከቺ፤ ካልለዩ እናንተም አትለዩ።

አንድ 21 ቀን ከወንድሞችሽ ጋር ተቀመጡና ደብተሩን ግለጡ። መክፈል የማይችሉትን እናንተ ታውቋቸዋላችሁ፤ ከስማቸው አጠገብ ያንኑ ቃል በእጃችሁ ጻፉበት። ለቅዳሴው ስማቸውን ስታስጽፉም የክርስትና ስማቸውን እንጂ ሰፈሩ የሚጠራቸውን ስም እንዳትሰጡ።