ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ «ደጋ ላይ ወባ አለ እንዴ?»

ጥያቄ፦ የምጽፍልዎ ከደጋ ዳሞት ነው። እኛ ዘንድ ወባ የሚይዘው ለሰሊጥ አጨዳ ቆላ ወርዶ የተመለሰ ሰው ነበር። ዘንድሮ ግን ከቀበሌ ያልወጡ ሁለት ጎረቤቶቻችን ወባ ተገኘባቸው። ባለቤቴ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ከአራት ቀን በፊት አንቀጠቀጣት፤ እናቴ «ምች ነው» ብላ ዳማከሴ አሽታ ቀባቻት፤ በማግስቱ ለቀቃት። ትናንት ማታ ተመልሶ አተኮሳት። ካምና የተረፈ ስድስት ፍሬ ኳርተም የሚባል የወባ መድኃኒት ቤት አለ፤ ልስጣት? የአየር ንብረቱ ተለወጠ የሚሉት እውነት ከሆነስ አገራችን ቆላ ሆነች ማለት ነው?

መልስ፦ አንብበው ሳይጨርሱ ባለቤትዎን ጤና ጣቢያ ያድርሱ። ዛሬውኑ፤ በእግራቸው ሳይሆን በበቅሎም በቃሬዛም።

እናትና ልጅ እንዳያጡ መፍራትዎ ገብቶኛል። በጊዜ የተደረሰበት ወባ ይድናል፤ ለሰባት ወር ነፍሰ ጡር የሚሰጥ መድኃኒትም አለ። እኔን ያሳሰበኝ ያለፉት አራት ቀናት ናቸው።

ስለ ምች ልናገር፤ ስንት ሰው ዘግይቶ እንደሚመጣ ስለማውቅ። የወባ ትኩሳት ያንቀጠቅጣል፣ ያልባል፣ ከዚያ ይለቃል፤ ብዙ ጊዜ በሦስተኛው ቀን ይመለሳል። በመሐል ያለችው ደህና ቀን ናት የምታታልለን። ዳማከሴው የተቀባው ትኩሳቱ ሊለቅ ሲል ስለሆነ «ዳማከሴ አዳናት» ይባላል። ተውሳኩ ግን ደም ውስጥ እየተራባ ነው። በነፍሰ ጡር ደግሞ በእንግዴ ልጅ ውስጥ ይደበቃል፤ እናቲቱ የተሻላት መስሏት ጽንሱ ይጎዳል፣ ደሟ ያንሳል፣ ልጁ ያለጊዜው ሊወለድ ወይም ሊሞት ይችላል። እናትዎን አይቆጡ፤ ከፍቅር ነው ያደረጉት። ዳማከሴው ይቀባ፣ ግን ደማቸው ከተመረመረ በኋላ። ምርመራው ከጣት የሚወሰድ አንዲት ጠብታ ደም ነው፤ ውጤቱ ከግማሽ ሰዓት በታች ይደርሳል።

«እሸት በቆሎ ወባ ያመጣል» የሚለውም አለ። እሸት መብላት ማንንም ወባ አያስይዝም። ይሁንና ቡሬ ላይ በተደረገ ጥናት በቆሎ በብዛት በሚዘራበት አካባቢ ወባ በርትቶ ታይቷል፤ የበቆሎው አበባ ብናኝ ኩሬ ላይ ሲረግፍ የትንኝ እጮች ይመገቡታል። አባቶች ያዩት እውነት ነበር፤ ምክንያቱ ነው የተሳተው።

ስድስቷን ፍሬ ግን አይስጡ! ለአዋቂ ሙሉው መጠን በሦስት ቀን 24 ፍሬ ነው። ሩብ መድኃኒት ትኩሳቱን ጋብ አድርጎ በሽታውን ይተወዋል። የወባው ዓይነት ሳይለይስ እንዴት ይሰጣል? ለአንደኛው ዓይነት የሚታዘዘው ፕሪማኪን ለነፍሰ ጡር ክልክል ነው። ይህን እየደጋገምኩ መናገር ሰልችቶኛል፤ የተረፈ መድኃኒት ማለት አምና ያልዳነ ሰው ማለት ነው። ኳርተም ከታዘዘላቸውም ቅባት ካለው ምግብ ጋር ይዋጥ፤ ጾም ከሆነ ዘይት ያለው ወጥ ይበቃል።

አገርዎ ቆላ አልሆነችም። ደጋውን ሲጠብቀው የኖረው ብርዱ ነው። ገዳዩ የወባ ዓይነት ትንኟ ውስጥ ከ16 ዲግሪ በታች አያድግም፤ በ20 ዲግሪ አራት ሳምንት ገደማ ይፈጅበታል፣ ትንኟም አብዛኛውን ጊዜ ቀድማ ትሞታለች። በ25 ዲግሪ ግን ሁለት ሳምንት አይሞላም። ስለዚህ ሙቀቱ ጥቂት ሲጨምር ወባ ዳገቱን ይወጣል። በ1951 ዓ.ም. ግድም ዝናብና ሙቀት ከልክ ሲያልፍ ወረርሽኙ ደጋማውን አገር መትቶ ወደ 3 ሚሊዮን ሰው አሞ 150,000 ያህል ገድሏል። የደጋ ሰው ሰውነት ወባን ስላልለመደ ጎልማሳውም ክፉኛ ይወድቃል፤ ሕፃንና ነፍሰ ጡር ደግሞ ይብስባቸዋል።

መንገድ ላይ ባለቤትዎ ከቃዡ፣ ካንቀጠቀጣቸው በኋላ ካልነቁ፣ ሽንታቸው ከጠቆረ ወይም የልጁ እንቅስቃሴ ከቀነሰ ጤና ጣቢያ ሲደርሱ መጀመሪያ እሱን ይናገሩ። ሲመለሱም ለቤቱ ሰው ሁሉ አጎበር ይጠይቁ።