ላቬንደሩ ራሱ ክር ይሆናል

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን አንብቤ ፎቶግራፉን ሳየው የራሴ የድሮ ጥፋት ትዝ አለኝ። ለእንግሊዛዊቷ ጎረቤትሽ «ኦስታራ» ለሚባለው የፀደይ በዓሏ ከንብ ሰም፣ ከጥብስ ቅጠልና ላቬንደር ከሚባለው ሽታማ የደረቀ አበባ ሻማ ሠራሽላት፤ ስትሞክሪው ነበልባሉ ስንዝር ያህል ተነሣ፣ ብርጭቆውም ተሰነጠቀ። «ሰሙ መጥፎ ሆኖ ነው ወይስ ክሩ ወፍሮ?» ብለሻል። ሁለቱም አይደሉም። ጉድ የሠራሽ ቅጠሉ ነው።

ሻማ የሚበራው የቀለጠው ሰም በክሩ ተስቦ ወደ ላይ ስለሚወጣና ጫፉ ላይ ተንኖ ስለሚነድ ነው። ሰም መጥጦ የሚያወጣ ደረቅ ነገር ሁሉ እንግዲህ ክር ነው። የደረቀ የላቬንደር ዘለላ ሰም ውስጥ ሲገባ ምን የሚለየው ነገር አለ? አንድ ክር አስገባሁ ብለሽ አርባ ክር ነው ያስገባሽው።

እኔ ይህን የተማርኩት ከስድስት ዓመት በፊት፣ እንግዶች ጠርቼ ነው። ብርጭቆ ውስጥ የአኩሪ አተር ሰም አፈሰስኩና ገና ሳይረጋ ላቬንደሩን እንደ ጥቁር አዝሙድ ነሰነስኩበት። እንዴት ያምር ነበር! ለኮስኩት፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ምንም አልሆነም። ከዚያ የረጋው ሰም ወደ ዳር እየቀለጠ ሲሄድ ዳር ላይ የነበሩት ዘለላዎች ተላቅቀው መንሳፈፍ ጀመሩ። አንዷ ቀስ እያለች መጥታ ክሩን ነካች። ወዲያው ሁለት ነበልባል ሆነ፣ ከዚያ አራት፣ ከዚያ ብርጭቆው ጠቅ ብሎ ተሰነጠቀና የሚነደው ሰም ጠረጴዛ ልብሱ ላይ ፈሰሰ። ውሃ ለመድፋት ማሰሮውን አንሥቼ ነበር፤ ባለቤቴ እጄን ይዞ የድስት ክዳን ከደነበት። እግዜር ይስጠው። ውሃ በሚነድ ሰም ላይ ከተደፋ ከሥሩ ይገባና በቅጽበት እንፋሎት ሆኖ እሳቱን ከነሰሙ ወደ ፊትሽ ይረጨዋል። ስለዚህ ሰም በምታቀልጪበት ቀን ሁሉ ልኩ የሆነ ክዳን ከምድጃው አጠገብ ይቀመጥ።

ከዚያ በኋላ ያሰብኩት አያቴን ነው። አያቴ ከጠጅ ቤት ሰፈፍ ገዝታ፣ በውሃ አፍልታ፣ በጨርቅ አጥልላ ሰሙን ለይታ ጧፍ ትሠራ ነበር። ጧፉ ውስጥ አንዲት ቅጠል ስትጨምር አላየሁም። በእኛ ቤት ሽታ የዕጣን ሥራ ነበር፣ ብርሃን ደግሞ የጧፍ። እኔም አሁን የምሠራው ይህንኑ ለይቼ ነው፦ ሽታው በሰሙ ውስጥ፣ ቅጠሉ ከውጭ፣ ክሩም ብቻውን መሐል ላይ።

ብርጭቆውን ተዪውና በቅርጽ ማውጫ ፈስሶ ሲረጋ የሚወጣ፣ ራሱን ችሎ የሚቆም ወፍራም ሻማ ሥሪ። ወርዱ 7፣ ቁመቱ 10 ሳንቲ ሜትር ከሆነ 370 ግራም ያህል ሰም ይበቃዋል። ትንሹን ድስት ውሃ ባለበት ትልቅ ድስት ውስጥ አስቀምጠሽ አቅልጪ፤ በቀጥታ እሳት ላይ በፍጹም አትጣጂው። የንብ ሰም ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ባለው ሙቀት ይቀልጣል፤ እኔ 75 አካባቢ አቆየዋለሁ። እፍኝ የጥብስ ቅጠል ወይም ጦስኝ ጨምሬበት ሁለት ሰዓት ከቆየ በኋላ በስስ ጨርቅ አጠልለዋለሁ። እውነቱን ልንገርሽ፣ የሚቀረው ሽታ ለስላሳ ነው፤ የማሩ ሽታ ይጫነዋል። ጠንከር እንዲል ከፈለግሽ ሊፈስ ሲል 10 ግራም የላቬንደር ዘይት በሚዛን ለክተሽ አማስዪበት። በጠብታ መቁጠር አይሆንም፣ የጠርሙሱ አፍ ሁሉ አንድ አይደለም።

ክሩን መጀመሪያ የቀለጠ ሰም ውስጥ ነክረሽ፣ ቀጥ አድርገሽ አድርቂው፤ ከዚያ ቅርጽ ማውጫው መሐል አቁመሽ ሰሙን አፍስሺበት። ለንብ ሰም ተብሎ የሚሸጥ የጥጥ ክር፣ ለ5 ሳንቲ ሜትር ወርድ የሚሆነውን ግዢ። ሻማሽ 7 ስለሆነ መሐሉ ብቻ እየቀለጠ ወርዶ ዙሪያው እንደ ግድግዳ ይቀራል። ቅጠሉም ያለው ግድግዳው ላይ ነው። ሲቀዘቅዝ አትቸኩዪ፤ የንብ ሰም ማቀዝቀዣ ውስጥ ሲገባ ይሰነጠቃል። አዳሩን በፎጣ ጠቅልለሽ ተዪው።

አሁን ደስ የሚለው ክፍል። ቅጠሉና አበባው ሁለት ሳምንት በወፍራም መጽሐፍ ተጨምቆ የደረቀ ይሁን፤ በጣትሽ ስታሺው ካልተንኮሻኮሸ አልደረቀም፣ ይሻግታል። የብረት ማንኪያ ጀርባ በሙቅ ውሃ አሙቀሽ፣ ጠርገሽ፣ አበባውን ሻማው ላይ አድርገሽ በማንኪያው ተጫኚው። ከሥሩ ያለው ሰም ላብ እንዳለው ቆዳ ያበራል፣ አበባውም ገብቶ ይጣበቃል። ላዩን በብሩሽ አንድ ስስ የሰም ሽፋን ቀቢው፤ ከላይኛው ጠርዝ ግን ሁለት ጣት ያህል ባዶ ተዪ። ሻማው ወደ ታች ሲነድ ብርሃኑ በቅጠሎቹ መካከል ያልፋል።

የትኛው ቅጠል «ለበዓሉ ሥርዓት» ይሆናል ላልሽው፣ አትጨነቂ። ቤዳ የተባለው እንግሊዛዊ መነኩሴ በፈረንጅ አቆጣጠር በ725 የጻፈው ጥቂት መስመር ብቻ ነው፤ አንድ ወር ኤኦስትሬ በተባለች ሴት አምላክ ስም ይጠራ እንደነበርና ድግስ ይደረግላት እንደነበር ይናገራል፣ ስለ ሻማና ስለ ቅጠል አንድም ቃል የለውም። ጀርመናዊው የቋንቋ ምሁር ያኮብ ግሪም በ1835 የጀርመንኛውን «ኦስታራ» የሚል ስም ከዚያ ተነሥቶ ገመተ፤ ለቀንና ሌሊት እኩልነት በዓል ስሙን የሰጠው ደግሞ የጥንቱን የአረማውያን እምነት ሊያድሱ ከተነሡት አንዱ የሆነው አሜሪካዊው ኤይዳን ኬሊ ነው፣ በ1974። ስለዚህ በአትክልት ቦታዋ የበቀለውን ተጠቀሚ፤ እንዲያውም የበለጠ ደስ ይላታል። ቀኑ በእኛ መጋቢት 11 አካባቢ ይውላል፤ ስንክሳራችንም የመጋቢትን ቀን 12 ሰዓት ነው ይላል። ለእነሱ ፀደይ ሲገባ እኛ ሁዳዴ ላይ ነን፤ የእኛ አደይ ገና መስከረምን ትጠብቃለች።

ለበዓላቸው መሥራት ኃጢአት ይሆንብኝ ይሆን ላልሽው የንስሐ አባትሽን ጠይቂ፤ እኔ የማውቀው ሰም ነው።

ጎረቤትሽ ድመት ካላት ዘይቱን ተዪው፣ የሽቶ ዘይት ድመትን ይመርዛል። ከመስጠትሽ በፊት አንዱን ራስሽ አብሪው፤ ክሩን ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል አድርገሽ ቁረጪ፣ አጠገቡ ሁኚ፣ ከአራት ሰዓት በላይም አታብሪው። የተበላሸውን ሰም ደግሞ እንዳትጥዪው፤ የብርጭቆ ስባሪ አለመኖሩን በጥንቃቄ አይተሽ እንደገና አቅልጪው፣ ቅጠሉን በጨርቅ አጥልለሽ አውጪ። ለሁለተኛው ሻማ ባይበቃሽ ለፋሲካ ጧፍ ይሆንሻል።