መኪናን በዊንች ወደ ተሳቢ ሲስቡ መንጠቆው የት ይግባ?

ጥያቄ፦ «ሞተሩ የማይነሳ የቤት መኪና አለኝ፤ ክብደቱ 1,500 ኪሎ ገደማ ነው። በኤሌክትሪክ ዊንች (ካቦ የሚባለውን የመሳቢያ ገመድ እየጠቀለለ በሚስብ መሣሪያ) ስቤ ተሳቢ ላይ ልጭነው አስቤያለሁ፤ የመጎተቻ ቀለበቱ ግን ጠፍቷል። አንዱ ጓደኛዬ ‹የፊት ብራቾው ላይ ጠምጥመው› ይለኛል፤ ሌላው ‹ፓራውልቱ ሥር ያለውን ብረት ያዝ› ይለኛል። ማንን ልስማ?»

መልስ፦ የፓራውልቱን ጓደኛዎን በፍጹም አይስሙት። የብራቾውን (ጎማውን ከሻንሲው ጋር የሚያገናኘውን ክንድ) ግን ሙሉ በሙሉ አልጥለውም፤ እመለስበታለሁ።

በቅድሚያ ቀለበቱን ደግመው ይፈልጉ። «ጠፋ» የተባለው ቀለበት ብዙ ጊዜ ትርፍ ጎማው ሥር፣ ከክሪኩና ከጎማ መፍቻው ጋር ተሸጉጦ ይገኛል። በእርግጥ ከሌለ ለዚያው ሞዴል የተሠራውን ያግኙ። የሚመስል ብሎን ፈልጎ ጫፉ ላይ ቀለበት መበየድ ሲሠራ አይቻለሁ፤ ሲበጠስም አይቻለሁ።

ቀለበቱ የሚገባው ፓራውልቱ ላይ ካለች ትንሽ ክዳን ጀርባ ነው። ብዙ መኪኖች ላይ ጥርሱ ግራ ነው፤ ማለትም የሚጠብቀው ወደ ግራ ሲዞር ነው። ይህን ሳያውቁ ወደ ቀኝ እየታገሉ ጥርሱን እንዳይበሉት። ጉድጓዱን በሽቦ ብሩሽ ያጽዱ፣ ዘይት ጠብ ያድርጉበት፣ እስኪቆም ድረስ በእጅ ያስገቡት፤ ከዚያ የጎማ መፍቻውን ቀለበቱ ውስጥ አሳልፈው ያጥብቁት።

«እስኪቆም ድረስ» የምለው ስለተቀጣሁ ነው። አንድ ጊዜ ጉድጓዱ ውስጥ ጭቃ ደርቆ ቀለበቱ አራት ዙር ገብቶ ቀጥ አለ። ቸኩዬ ነበርና «ይይዛል» ብዬ ሳብኩት። የፊት ጎማዎቹ መወጣጫው ወገብ ላይ ሲደርሱ ቀለበቱ እንደ ጣት ታጠፈ፣ ከዚያ ወጣ፤ መኪናው ወደመጣበት ተንደረደረ። ከኋላ ሰው አለመኖሩ እድል እንጂ የኔ ጥንቃቄ አልነበረም።

ቀለበቱ ጠንካራ የሚሆነው ፊት ለፊት ሲሳብ ነው። ወደ ጎን ሲሳብ ርዝመቱ ራሱ እንደ ማንሻ ሆኖ ያጥፈዋል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር አለ። ዊንቹ ከተሳቢው ግራና ቀኝ መሃል ላይ ነው፤ ቀለበቱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከመኪናው መሃል ወደ አንድ ጎን ያደላል። 50 ሳንቲ ሜትር ያደላ እንበል። መኪናው ከዊንቹ 5 ሜትር ርቆ ሲቆም የካቦው ማዕዘን 6 ዲግሪ ገደማ ነው፣ አያሰጋም። 1 ሜትር ላይ ሲደርስ ግን ያው ማዕዘን 27 ዲግሪ ይሆናል። ስለዚህ መጀመሪያ ላይ ደህና የነበረው አሳሳብ መጨረሻ ላይ ደህና አይደለም፤ የመኪናውንም አፍንጫ ወደ አንድ ጎን ይጎትተዋል።

ለዚህ የተሻለው መላ በሁለት እግር፣ ማለትም ግራና ቀኝ በሚሄዱ ሁለት ሰንሰለቶች ወይም ቀበቶዎች መያዝ ነው። ከፊት ጎማዎቹ አካባቢ፣ ከሥር ባለው ወፍራም ብረት ላይ ግራና ቀኝ ሞላላ ቀዳዳዎች ካሉ፣ መኪናው ከፋብሪካ ሲጓጓዝ የሚታሰርባቸው ሊሆኑ ይችላሉ። የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ለመሳብ ከፈቀዳቸው ለቀዳዳው የሚሆን የቲ ቅርጽ መንጠቆ አስገብተው ሁለቱን እግሮች መሃል ላይ ከካቦው ጋር ያገናኛሉ። መንጠቆውን ከማስገባትዎ በፊት ቀዳዳውን ዙሪያ በካቻቢቴ ይውጉት፤ ዝገት እየተፈረፈረ ጫፉ ከገባ ይተዉት። እግሮቹንም አያሳጥሩ። በመካከላቸው ያለው ማዕዘን 60 ዲግሪ ከሆነ እያንዳንዱ እግር የሚሸከመው የካቦውን ኃይል 58 በመቶ ነው፤ 120 ዲግሪ ከሆነ ግን እያንዳንዱ ሙሉውን ኃይል ይሸከማል፤ ሁለት መሆናቸው ምንም አልጠቀመም ማለት ነው።

አሁን ወደ ብራቾው። ቀለበትም ቀዳዳም ሲጠፋ ባለሙያ ብራቾ የሚይዝበት ጊዜ አለ፤ ነገር ግን ብረት ከሆነ ብቻ (አሉሚኒየም ከሆነ አይነካም)፣ በጨርቅ ቀበቶ፣ ግራና ቀኝ እኩል፣ ከሻንሲው ጋር በታሰረበት በውስጠኛው ጫፍ አጠገብ። በጎማው በኩል ባለው ጫፍ ከያዙት የጎማውን አቀማመጥ ያዛባሉ፤ የፍሬን ቱቦውንም ሊበጥሱት ይችላሉ። ለእርስዎ የመጨረሻ አማራጭ ይሁን።

ፓራውልቱ ሥር ያለው ብረት ግን ብዙ ጊዜ ራዲያተሩን ደግፎ የሚይዝ ስስ ላሜራ ነው፤ ራዲያተር ለመሸከም የተሠራ እንጂ መኪና ለመሳብ አይደለም። የመሪው ቴስታ (መሪውን ከጎማው የሚያገናኘው ዘንግ ጫፍ)፣ ማርሚታ (የጭስ ማውጫው)፣ ከካምቢዮ ወደ ጎማ የሚሄደው ዘንግም እንደዚያው። ከኋላ የሚስቡ ከሆነ ደግሞ የተሳቢ ማያያዣ ኳሱ ላይ ካቦ አይጠምጥሙ፤ ሲሰበር እንደ ጥይት ነው የሚወረወረው።

በኔ እምነት ግን ከመንጠቆው ቦታ የሚበልጥ ጥያቄ አለ፦ መኪናው በነጻ ይንከባለላል ወይ? 1,500 ኪሎ መኪና በ15 ዲግሪ መወጣጫ ላይ ጎማው በነጻ ከዞረ የሚጠይቀው ኃይል 420 ኪሎ ገደማ ነው። አራቱም ጎማዎች ተይዘው እዚያው ደረቅ መወጣጫ ላይ ከተፋተጉ ያው መኪና ወደ 1,400 ኪሎ ይጠጋል። ዊንቹ ልዩነቱን አይነግርዎትም፤ አንድ ነገር እስኪለቅ ድረስ ይስባል። ስለዚህ ካቦው ተወጥሮ መኪናው ካልተነቃነቀ ዊንቹን ያቁሙና ምክንያቱን ይፈልጉ። የእጅ ፍሬኑ ይሆናል፣ ባትሪው ሞቶ አውቶማቲክ ካምቢዮው ፓርኪንግ ላይ ቀርቶ ይሆናል፤ ያን ጊዜ የውጭ ባትሪ ሰጥተው ያላቅቁት። የመሪውንም ቁልፍ ይክፈቱት፤ የተቆለፈ መሪ መኪናውን ከመወጣጫው ጠርዝ ያወርደዋል።

ተሳቢው ከጎታች መኪናው ጋር ተያይዞ፣ ጎማዎቹ ሥር ታኮ ገብቶ ይቁም። የብረት ካቦ ከሆነ በሚጠቀለልበት የዊንቹ ከበሮ ላይ ቢያንስ አምስት ዙር ይቅር፣ የተወጠረው ካቦ መሃል ላይም አሮጌ ካፖርት ወይም ከባድ ጨርቅ ጣል ያድርጉበት። ካቦውን ማንም አይሻገረው፣ ከመኪናው ኋላም ማንም አይቁም። የፊት ጎማዎቹ መወጣጫውን ሲነኩ አንድ ጊዜ ያቁሙና ከርቀት ጎንበስ ብለው ይዩ፤ ካቦው ፓራውልቱን እየፈተገ ነው? ቀለበቱ ወደ ጎን ዘንበል ብሏል? ብዙ ጥፋት ይህች ቦታ ላይ ነው የሚጀምረው።

መኪናው ከወጣ በኋላ ደግሞ ዊንቹን እንደ ማሰሪያ አይቁጠሩት። አራቱንም ጎማዎች በየራሳቸው ቀበቶ ከተሳቢው ወለል ጋር ካሰሩ በኋላ ካቦውን ያላሉት።