አንድ እንቁላል ላይ ሁለት ስፐርም ለምን አይገባም?

ጥያቄ፦ ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ። የበቆሎ ፀጉር ላይ ያ ሁሉ ፖለን (የአበባ ብናኝ) ወድቆ ሁሉም ቱቦ አውጥቶ ወደ ታች ከወረደ አንዱ እንቁላል ላይ ሁለት ሶስት ስፐርም አይገባበትም ወይ? ተክሉስ በምን ይከለክለዋል? (ተማሪ፣ ከአዳማ)

መልስ፦ አዎ አንድ ፀጉር ላይ ብዙ ፖለን ይወድቃል፣ ብዙዎቹም ቱቦ ያበቅላሉ። ግን የበቆሎ ስፐርም ራሱ አይዋኝም፣ በቱቦው ተጭኖ ነው የሚመጣው፣ በአንድ ቱቦ ደግሞ ሁለት ብቻ ናቸው። አንዱ ከእንቁላሉ ጋር ፅንስ ይሆናል፣ ሌላው አጠገቡ ካለችው ማእከላዊ ሴል ጋር ተዋህዶ የፅንሱን ምግብ ይሰራል፣ የበቆሎው ዱቄት በአብዛኛው እሱ ነው። ይሄን ናቫሺን የሚባል ሩሲያዊ ነው እ.ኤ.አ. በ1898 ያገኘው። ስለዚ ሁለቱም ስፐርም ስራ አላቸው፣ ትርፍ የሚመጣው ሁለተኛ ቱቦ ከገባ ነው፣ ዋናው ጥበቃም እዛ ላይ ነው።

ጥበቃው በደንብ የተጠናው አራቢዶፕሲስ የምትባል የጎመን ዘመድ የሆነች ትንሽዬ ተክል ላይ ነው። እንቁላሉ አጠገብ ሁለት ረዳት ሴሎች አሉ፣ ሉር የሚባል ትንሽ ፕሮቲን ይለቃሉ፣ ቱቦውም ሽታ እንደያዘ ውሻ ወደነሱ ይታጠፋል። የመጀመሪያው ቱቦ ደርሶ ሲፈነዳ አንዷ ረዳት ትሞታለች፣ ናይትሪክ ኦክሳይድ ይመረትና ሉሩን ያበላሸዋል፣ እንቁላሉም ከተዳቀለ በኋላ የቀረውን ሉር የሚቆራርጡ ኢንዛይሞች ይለቃል፣ ሁለተኛዋ ረዳት ደግሞ ምግብ ከሚሰራው ሴል ጋር ተዋህዳ ትጠፋለች። ጠሪ ከሌለ መጪ የለም።

እኔን በጣም የሚገርመኝ ግን የመጀመሪያው ቱቦ ያመጣቸው ስፐርሞች ጉድለት ኖሯቸው ማዳቀል ካቃታቸው የሚሆነው ነገር ነው፣ ሁለተኛዋ ረዳት ሳትሞት ቆይታ ሌላ ቱቦ ትጠራለች ዘሩም ይተርፋል። ማለትም በሩ ሙሉ ለሙሉ የሚዘጋው ቱቦ ስለደረሰ ሳይሆን ማዳቀሉ ስለተሳካ ነው።

ጥበቃው ግን መቶ በመቶ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 ጀርመን ያሉ ተመራማሪዎች አልፎ አልፎ አንድ የአራቢዶፕሲስ እንቁላል በሁለት አባት ስፐርም ተዳቅሎ ሶስት ወላጅ ያለው ተክል እንደሚበቅል አሳይተዋል። በሰው ቢሆን እንደተለመደው ሁለት እጅ ሳይሆን ሶስት እጅ ክሮሞሶም (በሴል ውስጥ የዘር መረጃ የሚይዘው) ያለው ፅንስ አይቆይም ነበር፣ ተክል ግን ይችለዋል፣ በሌላ መንገድ የመጣ ቢሆንም የምንበላው ሙዝ አብዛኛው ሶስት እጅ ክሮሞሶም ነው ያለው፣ ዘር የሌለውም አንዱ ምክንያት እሱ ነው።